ቆርቆሮው ላይ የደረብነው ሳር

የስፌት ቤታችንን የነደፈው ሰው የነገሌን ፀሐይ አያውቅም ነበር። እንደ ደጋ ቤት መስኮቱን አጥብቦ፣ ጣሪያውን ዝቅ አድርጎ ቆርቆሮ መታበት። ከረፋድ ጀምሮ አናታችን ላይ ምጣድ የተጣደ ይመስል ነበር። የቀበሌው ሴቶች የተማሪ ዩኒፎርም የምንሰፋው ላባችን ካኪው ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባራችንን በሻሽ አስረን ነው። ቀትር ሲሆን ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል፤ የሚመለሰው ጥላ ሲረዝም ነው። ሥራው ወደ ኋላ ቀረ።

የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ፣ «ከገበያ ቀን በኋላም ቀትር ላይ ቤቱን ባዶ ካገኘሁት የእህል መጋዘን አደርገዋለሁ» አለን። እኔ ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ በማታ ትምህርት የገፋሁ ሴት ነኝ። ከዚያ ቤት ሌላ የሙያ ቦታ አልነበረኝም።

ከመናገር ማንበብ ይቀለኛል። የዚያን ቀን ግን ተነሣሁና፣ «ቆርቆሮው ላይ ሳር እንደርብበት» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አጠገቤ የምትሰፋው የወታደር ሚስት፣ «እንዴ፣ እቴ! ስንት ለፍተን ከሳር ወጥተን ቆርቆሮ ገባን፤ ባርኔጣ ላይ ሻሽ ልታስሪ ነው?» አለች።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «እሳት ቢነሣስ?»

ተገቢ ጥያቄ ነበር። የከሰል ካውያዎቹን አውጥተን ደጅ ካለው ግራር ሥር እንደምንተኩስ ነገርኩት። «እስቲ እናያለን» ብሎ ሄደ።

ሳሩን ወደ ወደራ ከተማ ከሚወስደው መንገድ ዳር አጭደን አመጣን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም «አዴ» የምንላቸው የባለሱቅ ሚስት፣ ጣሪያ የሚወጡ ልጆቻቸውን ሰጡን። በማግሥቱ ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ሥራው አልቋል፤ ሳሩን በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ አንጥፈው አስረውታል።

«ይውረድ» አልኩ።

«ናጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ ልጄ?» አሉ አዴ። «ሳር አልሽ፣ ሳር አለበስንልሽ። አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«አዴ፣ እርስዎ ብርድ ልብስ ነው ያለበሱት፤ እኔ ጥላ ነው ያልኩት። በመካከሉ ንፋስ ይለፍ። እንዲህ ከተኛበት ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይዞ ቆርቆሮውን ያዝገዋል።»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ያልሽ ጊዜ ነው የምትሻዪው» ብለው ሳቁ። ቢሆንም ልጆቻቸውን በኦሮምኛ ተጣርተው አስወረዱት።

እንጨት ረበረብን፤ ሳሩ ከቆርቆሮው በክንድ ከፍ ብሎ እንዲያርፍ አደረግን። መሰላል ወጥቼ በየቦታው ክንዴን አስገባሁ። ክንዴ ያላለፈበትን አስፈታሁ። ከታች «መምህርት መጣች! ፈተና ነው!» እያሉ አሾፉብኝ፤ እኔም ፈተናውን አላቀለልኩላቸውም።

ከገበያው ማግሥት ሊቀመንበሩ ቀትር ላይ ጓጉንቸር ቁልፍ ይዞ መጣ። የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ይንቀጫቀጫሉ፤ ቀና ያለችለት ሴት የለችም። በሩ ላይ ቆመ። ገባ። ኮፍያውን አወለቀና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

«የኛ አዳራሽ ሰው ይጠብሳል» አለ። «ስብሰባችንን እዚህ ብናደርገውስ?»

እግሬን ከመርገጫው ሳላነሣ፣ «ይህ የሥራ ቤት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት። «የእናንተንም ጣሪያ እንደርብላችኋለን፤ እንጨቱን ግን እናንተ አምጡ።»

አዴ ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱና፣ «ሳሩንም» አሉ።