ጀባ የተባልኩት ድል

የትምህርት ቤታችንን የቅርጫት ኳስ ሜዳ ከባጃጅ ተራው የሚለየው አንድ ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የክርክሩ ሁሉ መነሻ ግንቡ ነው። ተራቸው ያልደረሰ ሾፌሮች ከሰዓት በኋላ እዚያ ላይ ይደረደሩና፣ ጀርባቸውን ለደሴ ስስ ፀሐይ ሰጥተው የሴቶቹን ቡድን ልምምድ ያያሉ። መጀመሪያ የሚያዩት ለመሳቅ ነበር። ቡድኑ ማሸነፍ ሲጀምር ደጋፊ ሆኑ፤ ደጋፊ ሲሆኑ ደግሞ ተከራካሪ ሆኑ።

ከሌላ ከተማ የመጣውን ቡድን በሜዳችን ባሸነፍንበት ቀን፣ ኳሶቹን በመረብ ከትቼ በትከሻዬ እንደያዝኩ በግንቡ በኩል ሳልፍ ክርክሩ ደርቷል።

«አቦ ኮቹ ነው!» ይላል ከሾፌሮቹ ሁሉ ምላሰኛ የሆነው ቀጭኑ። «ወላሂ እሱ ባይመጣ እነዚህ ልጆች ኳሷን ቶሳ ተራራ ላይ ነበር የሚጥሏት።»

«አንተ ደግሞ! ኳሷን የወረወራት እሱ ነው?» አሉት ተራ አስከባሪው። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ባጃጆቹን በወረፋ የሚያሰልፉት እሳቸው ስለሆኑ ክርክሩንም የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። «ኳስ በእጅ ነው የምትገባ። በጩኸት ቢሆን ኖሮማ እኔ ነበርኩ አሰልጣኝ።»

«ኮቹ መቼ ይጮሃል ጋሼ? ቁጢጥ ብሎ በሹክሹክታ ነው እኮ የሚያወራቸው።»

«እሱን ነው የምልህ! አይጮህ፣ አይሮጥ፣ አይወረውር። ታዲያ ደመወዙ የምንድን ነው?»

ግንቡ በሳቅ ተናጋ። ቀጭኑ ሾፌር የሚረዳው ሲያጣ እኔን አየኝ።

«ይኸው ቲቸር አለች አይደል! የሒሳብ አስተማሪ ናት። ቲቸር፣ በአላህ አካፍይን። ድሉ ከመቶ ስንቱ የኮቹ ነው?»

እውነቱን ለመናገር ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያካፈልኩት ጉዳይ ነው።

«ሠላሳ» አልኩ።

«ሠላሳ ብቻ? ወይ ግፍ!»

ቀሪው ሰባ የማን ነው ብለው እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ። መልሱን አሰናድቻለሁ፤ ከየት እንደምጀምር፣ ምን እንደማስከትል ሳይቀር አውቃለሁ። ተራ አስከባሪው ግን ጭናቸውን በመዳፋቸው መቱና «ይኸው ፈረደችልኝ! ቀሪው የልጆቹ ነዋ!» አሉ። ሁሉም ተስማማ። እኔ መረቤን ይዤ እዚያው ቀረሁ።

ያ ያሰናዳሁት መልስ ይህ ነበር። ገና ከኩታበር ወደ ደሴ ተመድቤ የመጣሁ ጊዜ ሜዳው የልብስ ማስጫ ነበር። አንደኛው ቅርጫት መረብ የለውም፤ ሌላው ወደ ጎን ዘሟል። ቅርጫት ኳስ በደንብ የምችል ሰው አልነበርኩም፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ሞካክሬያለሁ፣ የቀረውን ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ለቀምኩት። ግን ማስረዳት እችላለሁ። ኳስ እያነጠሩ ሮጦ፣ ሁለት እርምጃ ረግጦ፣ ዘልሎ ኳሷን ቅርጫቱ ውስጥ ማስቀመጥ የሚባለውን ነገር ልጆቹ ፈጽሞ ሊይዙት አልቻሉም ነበር። ስለዚህ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ እግር ሳልኩ። የቀኝ እግር፣ የግራ እግር፣ ከዚያ የመዝለያ ክብ። «ቀኝ፣ ግራ፣ ዝለይ!» እያልኩ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ አስጠናኋቸው። አንዷ፣ ኋላ አምበል የሆነችው፣ ሂጃቧን አንገቷ ላይ ሸብ አድርጋ ስትሮጥ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ዝለይ። በዚያ ዓመት የተሸነፍነውን መቁጠር አያስፈልግም። ግን ቡድን ነበርን።

በዓመቱ ትምህርት ቤቱ እሱን አሰልጣኝ አድርጎ አመጣ። በስፖርት ሳይንስ የተመረቀ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ እኩያዬ ነው፤ በሚኒባስ የሃረጎን ዳገት እየወጣ ይመጣል፣ አመሻሽ ላይ ይወርዳል። እኔ የቡድኑ ተጠሪ ተባልኩ። ተጠሪ ማለት ውኃና ኳስ የሚሸከም ማለት ነው። እሱን በመጣ በሳምንቱ «ኮች» አሉት። እኔን ሜዳውም ላይ፣ ክፍል ውስጥም፣ መንገድም ላይ «ቲቸር» ነው የሚሉኝ፤ ኮች የሚለውን ቃል አንድ ቀን ተሳስተው እንኳ አልሰጡኝም።

ቀናሁ። ሌላ ስም ብፈልግለት አጣሁ። የቀናሁት በዕውቀቱ አይደለም፤ ዕውቀት ይጠናል። የቀናሁት ጨዋታው ለአፍታ ቆሞ ታይም አውት ሲጠራ በሚሆነው ነገር ነው። ቁጢጥ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ልጆቹ ለመስማት ጭንቅላታቸውን ያገጣጥማሉ። እኔ ከጀርባቸው የውኃውን ጆግ ይዤ እቆማለሁ፤ የማየው ላብ ያራሰውን ጀርባቸውን ብቻ ነው። እኔ ሳስረዳቸው ወደ ጠመኔው ሥዕል ነበር የሚያዩት። እሱን የሚያዩት ዓይን ዓይኑን ነው። ከዚያ ክብ ውስጥ አንዲት የእኔ ቦታ ብትኖረኝ ሌላ አልፈልግም ነበር።

ወደ ግንቡ ልመለስ። ሾፌሮቹ ሰባውን ለልጆቹ ሰጥተው ሲስቁ እሱ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከሜዳው ወጣ።

«የምን ክርክር ነው?»

«ባንተው ነው! ቲቸር ሠላሳ አድርጋሃለች» አለ ቀጭኑ፣ ደስ እያለው።

አየኝ። ከሁሉ የሚብሰው ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው፤ ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እኔ ስመጣ ልጆቹ መርገጥም መዝለልም ያውቁ ነበር። መሠረቱ የቲቸር ነው። የዛሬዋን ድል ለቲቸር ጀባ ብያታለሁ።»

እዚህ ላይ ለማያውቀው ላስረዳ። ወሎ ላይ ጀባ ማለት እንኪ፣ ላንቺ ይሁን ብሎ ማቅረብ ነው። የሚቀመሰውም፣ ምርቃቱም፣ ጨዋታውም ጀባ ይባላል። ጀባ የተባለ ሰው እምቢ ቢል ነውር ነው፤ የሰጪውን እጅ መምታት ነው። ስለዚህ «ጀዛከላህ» አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ። ግንቡ ላይ ያሉት ሁሉ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» አሉ።

ማሻአላህ የተባለው ግን ለእኔ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ የትም ብሄድ ወሬው እሱ ነው። መምህራን ማረፊያ ውስጥ «እንዴት ያለ ትሑት ልጅ ነው!»፤ ባጃጅ ውስጥ «ኮቹ ድሉን ለቲቸሯ ሰጣት እኮ፣ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» ቡድኑን ማን እንደመሠረተው የጠየቀ የለም። ነገሩን በሥርዓት አሰብኩት። ሰው የሚሰጠው የራሱን ነው። እሱ ድሉን ከሰጠኝ ድሉ የእሱ ነበር ማለት ነው፤ እኔም ስቀበል ይህንኑ መስክሬያለሁ። ሠላሳ ያልኩት ሰውዬ በአንዲት ቃል መቶውንም ወሰደና፣ ትርፉን በችሮታ መለሰልኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ላይ ግጥሚያ ነበረን። ሚኒባስ ተኮናተርን፤ ቀጭኑ ሾፌርና ተራ አስከባሪውም ሥራቸውን ለሌላ አደራ ሰጥተው አብረው ተሳፈሩ። የሃረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ብርዱ ከላያችን እየለቀቀ፣ ልጆቹ ሹራባቸውን አንድ በአንድ እያወለቁ፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። እሱን ገና ከመውረዱ ከየሻይ ቤቱ ይጠሩት ጀመር። እዚህም የእሱ አገር ነው።

የኮምቦልቻ ልጆች እኛን በደንብ አጥንተውናል። ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ገባኝ፤ የእኛ ልጆች ኳስ ይዘው የሚሄዱት ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነው። ቀኙን ዘጉት። ልጆቹ ወደ ግራ ሲገፉ እግራቸው ይጠላለፋል፤ ወይ ይቆማሉ፣ ወይ ኳሷን ይጥላሉ። እሱ ቁጢጥ ብሎ አወራቸው፣ ቦታ አለዋወጣቸው፣ ልዩነቱንም አጠበበው። ሊያልቅ ሲል በአንዲት ኳስ ብቻ እየተመራን አምበላችን ኳስ ነጠቀች። ከፊቷ ሰው የለም። ግን በግራ በኩል ነበረች። ከንፈሯን አየሁት። ቀኝ፣ ግራ። እግሯ ተምታታ፣ ሰውነቷ ዞረ፣ ኳሷ የቀለበቱን ሥር ገጭታ ወጣች። ፊሽካው ተነፋ።

የግራውን እርምጃ አስተምሬያቸው አላውቅም ነበር። በግራ በኩል ሲኬድ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ዝለይ ነው። ያን ዓመት እዚያ አልደረስንም ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ እያቃሰተ ሃረጎን ይወጣል። ልጆቹ ከኋላ ናቸው፤ አምበሏ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋለች። እሱ ከሾፌሩ አጠገብ ጋቢና ተቀምጧል። ቀጭኑ ዝም ማለት አልሆነለትም።

«ግራ እጅ እኮ የላቸውም! ዓመት ሙሉ ምን ሲያሠራቸው ነበር? ወይስ አገሩ ሲደርስ ሆዱ ባባ?»

«ኧረ ተው፣ ነውር ነው» አሉ ተራ አስከባሪው፣ ግን የእሳቸውም ድምፅ የሚከስ ነበር።

«ጋሼ እርስዎ ይፍረዱ። ሽንፈቱ ከመቶ ስንቱ የኮቹ ነው?»

አሰቡ። «መቶ» አሉ። «ድሉ የልጆቹ ነው ብያለሁ። ሽንፈት ግን ባለቤት አያጣም፤ የአሰልጣኝ ነው።»

እሱ መንገዱን እያየ ነበር፤ ማጅራቱን ብቻ ነው የማየው። ያኔ የተሰማኝን ሳላሳምር ልጻፈው። ማዘን ነበረብኝ፣ ቀናሁ። ስድቡም የእሱ ሆነ። የተምታታችው እግር እኔ በጠመኔ የሳልኳት ናት፤ በዚህ ቡድን ውስጥ የእኔ ለመሆኗ ማንም የማይክደኝ ብቸኛ ነገር እሷ ነበረች፣ እሷንም ለእሱ ሰጡት።

«ቀኝ፣ ግራ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ፣ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጥቶ። «ግራውን ያላስተማርኩትም እኔ ነኝ። የሱ ጥፋት አይደለም።»

ቀጭኑ ዞሮ በርኅራኄ አየኝ። «ቲቸርዬ፣ አንቺ ደግሞ ደግ ነሽ። ለሰው ብለሽ ራስሽን አታስወቅሺ።»

ሁለቱን ትቼ ወደ ጋቢናው ዞርኩ።

«ኮች» አልኩት። በስሙ እንጂ እንዲህ ብዬው አላውቅም ነበር። «ያን ቀን ድሉን ጀባ ብለኸኝ የለ? እንግዲያው ይህችንም ጀባ በለኝ።»

ሳቅ የጠበቅሁ ይመስለኛል። ወይ የተለመደችውን ደረት ላይ የምታርፍ እጅ። ወንበሩ ላይ ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ ደክሟል።

«እሷን አልሰጥሽም» አለ። «እሷ የኔ ናት።»

ተመልሶ መንገዱን ማየት ጀመረ። ሁለት ኩርባ ያህል ከወጣን በኋላ ተራ አስከባሪው ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው «አሃ» አሉ። «ደመወዙ የዚህ ነው ለካ።»

ደሴ እስክንገባ መስኮት መስኮቱን አየሁ። ድሉን ሲሰጠኝ የቀናሁት ቅናት ቀላል ነበር፤ ተሰርቄያለሁ ብዬ ስለማምን የሚያጽናናኝ ነገር ነበረው። ሽንፈቱን የነፈገኝ ጊዜ የቀናሁት ግን ማጽናኛ አልነበረውም። ልጆቹ ከኋላ ሰምተውታል። አምበሏ ግንባሯን ከመስታወቱ አንሥታ ማጅራቱን ታየው ነበር።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ከክፍል ጠመኔ ይዤ ወጣሁ። ሲሚንቶው ርጥብ ስለነበር በጨርቅ አደረቅሁት። ከቅርጫቱ በስተግራ ተንበርክኬ የግራ እግር፣ የቀኝ እግር፣ ከዚያ የመዝለያውን ክብ ሳልኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንንም አላማከርኩም።

ከሰዓት በኋላ እሱ መጣ። ሥዕሉን ቆሞ አየው፤ እንዳይረግጠው ዞሮ አለፈና ልጆቹን «ዛሬ በግራ በኩል ተሰለፉ» አላቸው። አምበሏ መጀመሪያ ሮጠች፤ ተደናቅፋ ልትወድቅ ስትል ልጆቹ ሳቁባት፤ እሷም ሳቀች። ደግማ ሞከረች፣ አልሆነም። ከዚያ እኔ ከዳር ሆኜ «ግራ፣ ቀኝ፣ ዝለይ» ስል ሰማችኝ መሰለኝ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ኳሷ ሰሌዳውን ነክታ ገባች።

«አያችሁ?» ብሎ ቀጭኑ ሾፌር ግንቡ ላይ ቆመ። «ኮቹ ግራውን ፈታው! አልኳችሁ እኮ! አሁንስ ጋሼ፣ ከመቶ ስንት?»

እሱ ወደ ግንቡ ዞረ። ቀኝ እጁ ወደ ደረቱ መነሣት ስትጀምር አየኋት፤ እንደገና ጀባ ሊለኝ እንደሆነ ገባኝ። ጠመኔ ያነጣውን መዳፌን አንሥቼ፣ ተው፣ አልኩት።

አየኝ። እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«ቀጥሉ» አላቸው ልጆቹን።

ግንቡ ላይ አርባ ነው፣ ስልሳ ነው እያሉ ይጯጯኻሉ። አምበሏ ወደ ሰልፉ ጫፍ ስትመለስ በሥዕሉ በኩል አለፈች፤ ጎንበስ ብላ አየችና፣ ግራ እግሯን ልክ እኔ የሳልኩት ላይ አስተካክላ አሳረፈች።