ላላገኘሁት ሥራ አመስግኜ የያዝኩትን አጣሁ

ይህ የደረሰብኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሰሞን ነው። እንዳልረሳው ያደረገኝ ሥራ ማጣቴ አይደለም፤ ሥራ የሚያጣ ሰው ሞልቷል። ሥራዬን ያሳጣኝ ሰው በኔው ታሪክ ሲጨበጨብለት መስማቴ ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ያኔ ጌዶ ከተማ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። ቤተሰቤ ያለው ግን አምቦ ነው። ባሌ ካረፈ በኋላ አምቦ ውስጥ ሥራ ሳጣ ሕፃን ልጄን ሲምቦን እናቴ ዘንድ ትቼ ጌዶ ገባሁ። አርብ ማታ በሚኒባስ አምቦ እገባለሁ፣ እሑድ ከሰዓት ደግሞ ጉደርን አቋርጬ እመለሳለሁ። እንዲህ ስመላለስ ሲምቦ አፏን ፈታች፤ አፏን ስትፈታ "እማዬ" ያለችው እናቴን ነው። እኔን እንደ ሰፈር ሰው በስሜ ነበር የምትጠራኝ። በር ከፍቼ ስገባ "አያንቱ መጣች" ብላ ለእናቴ ትናገራለች። እናቴ ትስቃለች፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

ስለዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አምቦ ሥራ አግኝቼ ከልጄ ጋር መኖር። አንድ የአምቦ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር እንደሚፈልግ ሰምቼ አመለከትኩ። ተፈተንኩ፤ ቃለ መጠይቅም ገባሁ። "እንደውልልሻለን" አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ጌዶ፣ የምንጸልይበት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ በኋላ የአመለካከትና የስኬት ስልጠና ተጀምሮ ነበር። አሰልጣኙ ፓስተር አይደለም። ኮት ለብሶ ነጭ ስኒከር የሚጫማ፣ "ማይንድሴት" የምትል ቃል ከአፉ የማትጠፋ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ማስታወቂያ እንዳይሆንለት ነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር። "ራሳችሁን አሳንሳችሁ አትዩ፤ አልችልም ብሎ የጀመረ ሰው ሳይሞክር ነው የሚወድቀው" ሲል፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንገቷን ደፍታ ለምትሄድ ሴት ጥሩ ነገር ነው። ያንን አልክድም። ችግሩ የመጣው "ቀድሞ ማመስገን" የሚለውን ትምህርት ሲጀምር ነው።

በኛ ዘንድ ጸሎቱ የተመለሰለት ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክራል። የታመመው ሲድን፣ ልጅ ያጣችው ስትወልድ፣ ሥራ ፈላጊው ሲቀጠር። ሰው እልል ይላል፣ አብሮ ይደሰታል። ምስክርነት የሚሰጠው ግን ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው፤ እኔ ሳድግ እንደዚያ ነበር። አሰልጣኙ ይህን ገለበጠው። "ከሆነማ በኋላ ማንም ያመሰግናል" አለ። "እምነት ያለው ሰው ሳይሆን በፊት እንደሆነ አድርጎ ይመሰክራል። ገና ነው ያለ ሰው በአፉ አፈረሰው ማለት ነው።"

አንድ ረቡዕ ስሜን ጠራ። ለሥራው እንዲጸልዩልኝ ጠይቄ ስለነበር ጉዳዬን ያውቃል። ጠጋ ብዬ "ገና አልደወሉልኝም እኮ" አልኩት። ማይኩን በእጁ ሸፈነና "ልጅሽን ትፈልጊያታለሽ ወይስ አትፈልጊያትም?" አለኝ።

እስቲ አስቡት። ይህን የተጠየቀች እናት ምን ትላለች? ማይኩን ተቀበልኩና "አምቦ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ከልጄ ጋር ልኖር ነው፤ ጌታ ይመስገን" አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። የማላውቃቸው እናቶች አቀፉኝ። ስልጠናውን የሚከታተሉት ነገሩ "በእምነት" እንደሆነ ያውቃሉ። የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ኦቦ ለሜሳ ግን ስልጠናውን አይከታተልም። ሚስቱን ሊወስድ መጥቶ በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እኔ እሱን አላየሁትም፤ እሱ ግን በደንብ አይቶኛል፣ ሰምቶኛልም።

ትምህርት በተዘጋበት ቀን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ለስላሳ፣ ዳቦና ቆሎ ቀርቦ ተሰበሰብን። የዓመቱ መዝጊያ ነው ብዬ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ እጫወታለሁ። ጥቂት ቆይቶ በዕድሜ ትልቁ መምህራችን ነጭ ጋቢ ይዘው ተነሱና በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። እዚያ ትምህርት ቤት መምህር ሲለቅ ባልደረቦቹ አዋጥተው ጋቢ ያለብሱታል፤ በዕድሜ የሚበልጠው ይመርቀዋል። እኔ ራሴ ለስንቱ አዋጥቻለሁ። ጋቢውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኩ።

"ሽኝትሽ ነዋ!" አሉኝ። ተጨበጨበ።

"የት ልሄድ ነው የምትሸኙኝ? እኔ አልተቀጠርኩም! ገና አልደወሉልኝም!"

መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ሳቁ ጠፋ። ኦቦ ለሜሳ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

"አያንቱ፣ በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ እኮ" አለኝ። "ጉባኤ ፊት ቆመሽ አግኝቻለሁ ብለሻል። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ክፍሎችሽ ባዶ እንዳይሆኑ ብዬ ሌላ መምህር ቀጠርኩ። ተፈራርመናል።"

"በእምነት ነው ያልኩት!"

"በእምነት ማለት?" አለኝ ግራ ገብቶት። "እውነት አይደለም ማለት ነው?"

ሰውዬው እያላገጠብኝ አይደለም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ጠርቶ ቢያነጋግረኝ ምን ነበረበት ብዬ በሱም ተናድጃለሁ። ግን አንዲት ሴት በእግዚአብሔር ስም የተናገረችውን ሰምቶ ቢያምን ምን ይፈረድበታል?

ጋቢውን እንደለበስኩ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። አሰልጣኙ ለማታው ፕሮግራም ስፒከር ሲያስተካክል አገኘሁት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ቢያንስ "አዝናለሁ" ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ወይም መጥቶ ለኦቦ ለሜሳ ያስረዳልኛል ብዬ።

"አልተቀጠርኩም ብለሽ ጮኽሽ?" አለኝ።

"አዎ፣ አልተቀጠርኩማ!"

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "አየሽ፣ በአፍሽ አፈረስሽው። ጋቢውን ስትለብሺ አሜን ብትይ ኖሮ ስልኩ ይደወልልሽ ነበር። ችግሩ ያለው ማይንድሴትሽ ላይ ነው።"

እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። የዚህን ሰው ሥራ አስቡት እስቲ። ያሰብሽው ከተሳካ የሱ ትምህርት ነው፤ ካልተሳካ ያንቺ ጥርጣሬ ነው። ሐኪም ይሳሳታል፣ ሹፌር ይሳሳታል፣ እኔም ሰሌዳ ላይ ተሳስቼ አጠፋለሁ። እሱ ግን የማይሳሳትበት ሥራ አግኝቷል። "አንተ ያለ ደሞዝ ኖረህ ታውቃለህ?" ብዬው ወጣሁ። ከኋላዬ "ይሄ ንዴትሽም ወደኋላ ያስቀርሻል" ሲል ሰማሁት።

ዕቃዬን ሚኒባስ ላይ አስጭኜ በዝናብ አምቦ ገባሁ። እናቴ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ ታለቅሳለች ስል ተቆጣችኝ።

"አንቺ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ አስተማሪ ነሽ ወይስ ነቢይ?" አለችኝ። "አልደወሉልኝም ብለሽ ታላዝኛለሽ? እግር የለሽም? ሂጂና ጠይቂያቸዋ!"

በማግስቱ ሄድኩ። የአምቦው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ኮስታራ ሴት ናት። ከኔና ከአንድ ሌላ አመልካች ማንን እንደሚወስዱ ገና እንዳልወሰኑ ነገረችኝ። የሆነብኝን አልደበቅኳትም። አዘነችልኝ፤ በሐዘኔታ ግን አልቀጠረችኝም። "የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት አለን። ሒሳብ የከበዳቸውን ልጆች ያዢና ልይሽ" አለችኝ። ለትራንስፖርት ከሚሆን በቀር ክፍያ የለውም። እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ውርደት ነበር። ከንዴቴ ሳልላቀቅ ስለገባሁ በልጆቹ ላይ እጮሃለሁ። ክፍልፋይ የሚባለው ነገር አልገባ አላቸው። ማታ ማታ ተቀምጬ እንደ አዲስ መዘጋጀት ጀመርኩ። የማዕድን ውሃ ጠርሙሶች ለቃቅሜ ክፍል ይዤ ገባሁ፤ ውሃ እያስቀዳሁ ግማሹን፣ ሩቡን፣ ሲሶውን በእጃቸው እንዲሠሩት አደረግሁ። ወለሉ ራሰ፤ ጥበቃው ተቆጣኝ፤ ልጆቹ ግን ገባቸው። ርዕሰ መምህርቷ አልፎ አልፎ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች፤ አንድም ቃል ሳትናገር ትወጣለች። ክረምቱን ሙሉ ባጃጅ በማይገባበት ጭቃ ተመላለስኩ። ትምህርት ሊከፈት ሲል ጠራችኝና ውሉን ፈረምን። ሲምቦም ከጥቂት ጊዜ በኋላ እናቴን "አኮ" ብላ እንደ አያት፣ እኔን "እማዬ" ብላ መጥራት ጀመረች።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ከወራት በኋላ ጫልቱ የምትባል ልጅ ከጌዶ ደወለችልኝ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ከስልጠናው እንተዋወቃለን። እሷም አምቦ ሥራ ትፈልጋለች። "አያንቱ፣ ምክር ፈልጌ ነው" አለችኝ። "አሰልጣኙ ያንቺን ታሪክ በየሳምንቱ ነው የሚነግረን። አያንቱ ባላየችው ነገር መሰከረች፣ ሥራዋን በእምነት ለቀቀች፣ ዛሬ አምቦ ከልጇ ጋር ትኖራለች ይለናል። ሰው ያጨበጭባል። አንቺም የያዝሽውን ካልለቀቅሽ እምነትሽ ሙሉ አይደለም ብሎኛል። ነገ ልለቅ ነው።"

ሥራዋን በእምነት ለቀቀች! ተወርውሬ መውጣቴን "ለቀቀች" አለው። በዝናብ የተመላለስኩበትን ክረምት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ጫልቱን "ነገ እንዳትለቂ፤ ረቡዕ እመጣለሁ" አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ።

ረቡዕ ፈቃድ ጠይቄ ጌዶ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። አሰልጣኙ ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ አላፈረም፣ አልደነገጠም። "እነሆ ራሷ መጣች! እህት አያንቱ፣ ነይ መስክሪ!" ብሎ ማይኩን ዘረጋልኝ። ያ ደስታው ከሁሉም በላይ አናደደኝ። ውሸቱን ራሱ አምኖታል።

"አምና እዚህ ቆሜ ሥራ አግኝቻለሁ ብያችሁ ነበር" አልኩ።

"አሜን!" አለ ሰው።

"ውሸቴን ነበር።"

ከልማድ ጥቂት ሰዎች "አሜን" አሉ።

"አሜን አትበሉ! ዋሽቼ ነው። አልተቀጠርኩም ነበር። ውሸቴን የሰማ ሰው ቦታዬን ለሌላ ሰጠ፤ ሥራዬን አጣሁ። በእምነት የለቀቅሁት ነገር የለም።"

አሰልጣኙ ፈገግ እያለ ጠጋ አለና "እህታችን ለማለት የፈለገችው..." ብሎ ማይኩን ያዘ። አለቀቅኩለትም። ዞር ብሎ ለኪቦርድ ተጫዋቹ ምልክት ሰጠው፤ መዝሙር ተጀመረ። ማይኩ ተዘጋ። ሙሉ ክፍል ሕፃናት ዝም የምታሰኝ አስተማሪ ግን ማይክ አያስፈልጋትም።

"እምነት አያስፈልግም አላልኩም!" ብዬ በድምፄ ቀጠልኩ። "እችላለሁ ብዬ ባላምን ኖሮ ያንን የአምቦ ትምህርት ቤት በር አላንኳኳም ነበር። ካመንኩ በኋላ ግን ሄጄ አንኳኳሁ። ገብቻለሁ እያልኩ ቤቴ አልተቀመጥኩም። ሥራ ያላችሁ ሥራችሁን ይዛችሁ ፈልጉ! ይህ ሰው ሲሳሳት የምትከስሩት እናንተ ናችሁ!"

አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። አንዳንዱ ርኩስ መንፈስ የያዘኝ መስሎት እያየኝ ጮክ ብሎ ይጸልይልኝ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ግን ከመቀመጫቸው ተነስተው "ቶሌ፣ እሺ፣ ትናገር! ተዉአት!" አሉ። ኪቦርዱም ቆመ። የምናገረው ስላለቀ ወጣሁ። ጫልቱ ደጅ ድረስ ተከተለችኝ። "አልለቅም" አለችኝ። ዛሬም መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ናት፤ ሲመቻት አምቦ እየመጣች ታመለክታለች። አልተሳካላትም እስካሁን፤ ግን ደሞዟን ትበላለች።

አሰልጣኙስ? አለ። አሁን ወደ ሌሎች ከተሞችም እየዞረ ያሰለጥናል አሉ። ንዴቴ ይበርዳል ብዬ ብዙ ጠብቄ ነበር፤ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። አንዳንድ ወዳጆቼ "ለበጎ ነው፣ እሱ ባይገፋሽ አምቦ አትመጪም ነበር" ይሉኛል። እነሱንም አልሰማቸውም።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስወጣ አንዲት የማላውቃት ሴት መንገድ ላይ አስቆመችኝ። ፊቷ በደስታ ፈክቶ "ይቅርታ፣ ያቺ በእምነት ሥራ ያገኘችው አያንቱ አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"አይደለሁም" አልኳት። "እኔ በውሸት ሥራ ያጣችው አያንቱ ነኝ። ጊዜ ካለሽ ቁጭ ብለን ልንገርሽ።"