ከካፖርቱ አንገት ሥር የነበረው ስፌት

ዜናው የደረሰኝ እጄ እስከ ክርኔ በእንዶድ አረፋ ውስጥ ሳለ ነው። የአከራዬ የባል እህት ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች በግቢያችን በር ገባችና፣ «አንቺ ጎጃሜ፣ ያንን ጨርቅ ጣይው! የወንድሜ ካፖርት መጣ!» አለችኝ።

ያን ጊዜ ከአገሬ ርቄ፣ አዲስ ከተማ ከእህል በረንዳ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ልብስ በማጠብ እተዳደር ነበር። ገበያው ውስጥ አሮጌ የወታደር ልብስ የሚሸጡት ነጋዴዎች ሁሉ ያውቁኛል። ጠላት ጥሎት የሄደው ካፖርትና ሱሪ ዘበኛውና ተሸካሚው ትከሻ ላይ ከመውጣቱ በፊት በእኔ እጅ ያልፋል። የቅባቱን፣ የዝገቱን፣ የሻጋታውን እድፍ ጠባይ ለይቼ አውቃለሁ። ይህን ስል ለመኩራራት አይደለም፤ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ እንጀራውን በአንድ ነገር ያደርግለታል፣ ለእኔ በእጄ አደረገልኝ።

አከራዬን እትዬ እላቸው ነበር። ባለቤታቸው ጠላት ሲገባ ጫካ ገብተው እንደወጡ ቀሩ። ሞተዋል የሚል ብዙ ነበር፣ ሲሞቱ አየሁ የሚል ግን አልተገኘም። ስለዚህ እትዬ ጥቁር አልለበሱም፣ ተዝካርም አላወጡም። ሰው ሲያማቸው ሰምተው፣ «በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ባወጣ ምን ብዬ እታረቀዋለሁ?» ይሉ ነበር። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ለባላቸው የሚሆን ኩታ ከሸማ ተራ ገዝተው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ።

ካፖርቱን ያመጡት አብረዋቸው የዘመቱ አንድ አዛውንት ናቸው። ሳሎን ገብቼ ሳይ ጆንያው መሬት ላይ ተፈትቷል፣ ጋሼ የምላቸው እኚሁ አዛውንት ደግሞ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ዋሻ ውስጥ ነው ያረፈው» አሉ። «እኛው ቀበርነው። ይቺን ለቤቱ ብዬ አነሣሁ። እኔም ቆስዬ አገሬ ገባሁ፣ ቤታችሁን የሚያሳየኝ እስካገኝ ቆየች።»

እህትየው ካፖርቱ ላይ ወድቃ ታለቅሳለች። እትዬ ግን አላለቀሱም። እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ሲወጣ አንገቱ ሥር በቀይ ጥለት ክር ትንሽ መስቀል ሰፍቼበታለሁ። ከሠርግ ቀሚሴ የመዘዝኩት ክር ነው። አሁን አገላብጬ ባየው ጭቃና ሰም ነው። ያንን ስፌት አሳዪኝ። ካየሁት አለቅሳለሁ። ካላየሁት አላለቅስም።»

«አሳይዎታለሁ» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ የወጣው ሥራዬን ስለማውቅ ነው።

በማግስቱ ማርያም ስለነበረች አልነካሁትም። እህትየው ልትፈነዳ ደረሰች። «ይህን ሁሉ ዓመት ያቆየቻቸው እመቤቴ አንድ ቀን ታቆያቸዋለች» ብዬ ዘጋኋት።

ቀኑ ሲደርስ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ጀመርኩ። የደረቀ ጭቃ በደረቁ ነው የሚነሣው፤ ውሃ ካገኘ ሱፉ ውስጥ ይሰርጋል። በብሩሽ አራገፍኩት። ከዚያ ወደ ደሙ ሄድኩ። በስተውስጥ፣ ገበሩ ላይ፣ ደረትን ከሚያህል ቦታ ላይ ጠቁሮ ደርቋል። ቀዝቃዛ ውሃ በጨው አድርጌ ነከርኩት። ለአዝራሮቹ ዝገት ሎሚ ቆረጥኩ።

እህትየው ከአጠገቤ አልጠፋችም። «በጨውና በሎሚ! ልታጥቢው ነው ወይስ ወጥ ልትሠሪው?»

«ላንቺ ቢሰጡሽ በፍል ውሃ ትቀቅይው ነበር።»

«ደም በፍል ውሃ አይለቅም?»

«ደም ፍል ውሃ ካየ ዕድሜ ልኩን አይወጣም። ይልቅ ያንን እንዶድ ውቀጪልኝ፣ ምላስሽ ያርፋል።»

ሳቀች፣ ወቀጠችም። ሱፍ አይታሽም፣ አይጨመቅም፤ በእንዶዱ አረፋ ውስጥ በመዳፌ እየተጫንኩ ደጋግሜ አለቀለቅሁት። ደም የወጣበትን ውሃ ቦይ ላይ መድፋት ግን ሆዴ እንቢ አለኝ። የክርስቲያን ደም በእግር አይረገጥም ብዬ ግቢው ጥግ ሰው ከማይደርስበት ከጽድ ዛፉ ሥር አፈሰስኩት። እትዬ በመስኮት ያዩኝ ነበር።

የእህል በረንዳ ብናኝ እርጥብ ሱፍ ላይ ስለሚለጠፍ ውጭ አላሰጣሁትም። ክፍሌ ውስጥ ሰሌን ላይ ዘርግቼ አደረቅሁት። የቀረኝ ሰሙ ነው። የጧፍ ሰም አንገቱን ሁሉ ይዞ ጀርባው ላይ እየተንጠባጠበ ወርዷል። የስኳር ወረቀት ከላይ ከታች አድርጌ የከሰል ካውያ ለዘብ አድርጌ አስኬድኩበት፤ ወረቀቱ ሰሙን ጠጣው።

ካፖርቱን ለማየት ወደ ብርሃን ባነሣው ገረመኝ። ብል የበላው ቀዳዳ አለ፣ ጥይት የበሳው ግን የለም። ደሙ በውስጥ ነው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ያለፈ መንገድ የለውም። ሰሙ ደግሞ በውጭ በኩል ጀርባው ላይ ነው። ለብሶት በጀርባው የተኛ ሰው ጀርባው ላይ ሰም እንዴት ይንጠባጠብበታል?

አንገቱን ገለበጥኩ። ስፌት አለ። ግን ቀይ መስቀል አይደለም። በሌላ ክር፣ በሌላ ምልክት፣ በሌላ ሴት እጅ የተሰፋ ነው። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፣ ምክንያቱን ኋላ እናገራለሁ።

ሳሎን ይዤው ገባሁ። ጋሼ እስኪጨረስ ብለው እዚያው ከርመው ነበር። እትዬ አዩና፣ «የእኔ አይደለም» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ይሁን ድካም አልለየሁትም።

«ቀለሙ ለቆ ይሆናላ!» አለች እህትየው። «ይኸው በእንዶድ ስታንቦጫርቀው!»

«ቀይ ሲለቅ ዙሪያውን ያቀላል እንጂ ሌላ ምልክት አይሰፋም» አልኳት። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ካፖርት የተለበሰ ነበር ወይስ የተደረበ?»

አዛውንቱ ወደ ካፖርቱ ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ሱፉን ዳሰሱ።

«ብርድ ነበር» አሉ። «ቆስሎ ደሙ እየፈሰሰ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ ሁሉም የራሱን አውልቆ ደረበለት። ቄሱ ጧፍ ይዘው ራስጌው ቆመው ደገሙለት። ሲያልፍ… ከላዩ ያለውን አነሣሁ። የሱ መስሎኝ፣ በእግዜር ስም፣ የሱ መስሎኝ።»

«የራሱስ?» አሉ እትዬ።

«የራሱን ምን ብለን እናወልቅለታለን እትዬ? እንደለበሰው ቀበርነው።»

እትዬ ካፖርቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ፣ «እንግዲያው መስቀሌ አብሮት ነው» አሉ። ተነሥተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት፤ ግቢው በሙሉ አብሯቸው አለቀሰ።

የለቅሶው ድንኳን ሲጣል እህትየው ተጨነቀች። የሟች ልብስ ከፍ ተደርጎ ይታያል፣ እየታየ ይለቀሳል። «ምኑን ይዘን ልናለቅስ ነው? ኩታውን እንኳ አንድ ቀን አልለበሰው!»

«ይህንኑ» አሉ እትዬ ካፖርቱን አንሥተው። «ባሌ እንዲሞቀው ብሎ የበረደውን ሰው ልብስ።»

ተዝካሩም ወጣ። ሳጥን ውስጥ የነበሩት ኩታዎች ለቤተ ክርስቲያን ድኾች ተሰጡ። ካፖርቱን ግን እትዬ ለማንም አልሰጡም። ኋላ ታመው አልጋ ላይ ሳሉ ጠርተውኝ፣ «አደራ፣ ባለቤቱ ጋ አድርሺልኝ» አሉኝና ጥቂት ቆይተው ዐረፉ። ጋሼም ከእሳቸው ቀድመው ዐርፈዋል።

በየክረምቱ መውጫ እያወጣሁ አናፍሰዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ብል አልነካውም። ደሙ ከገበሩ ላይ ጨርሶ አልለቀቀም፣ የገረጣ ጥላ ቀርቷል፤ ከዚያ በላይ ልገፋው እችል ነበር፣ አልገፋሁትም።

አሁን ልመናዬ በዚያ ዋሻ ለነበራችሁ ነው። ቄሱ ጧፍ ይዘው የደገሙለትን ቁስለኛ ታስታውሳላችሁ? ካፖርታችሁን ደርባችሁለት ያለ ካፖርት የወረዳችሁ ማናችሁ? በሕይወት ካላችሁ ኑ፤ ከሌላችሁ ባለቤታችሁ ትምጣ፣ ልጃችሁ ይምጣ። ሌላ ምስክር አልጠይቅም። አንገቱ ሥር በምን ክር፣ ምን ዓይነት ምልክት እንደተሰፋ ብቻ ንገሩኝ፤ ምልክቱን ሳልጽፍ የቀረሁትም ለዚህ ነው። የሰፋችው ሴት አትረሳውም። አዲስ ከተማ፣ ከእህል በረንዳ ጀርባ፣ ጽድ ያለበት ግቢ ብላችሁ ጠይቁ። ልብሱ ንጹሕ ነው።