ዝሆን የተከፈለበት ጥላ

ባለቤቴ ጥላውን ዘርግቶ ይይዛል፣ እኔ ወርቃማውን ዘርፍ ዙሪያውን እሰፋለሁ። «ቶሎ በይ፣ እጄ ዛለ» ይላል። «አንተ ብቻ ቀስ እያልክ አዙር» እለዋለሁ። አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ይህ ነበር። ስንዝር ያህል ሳይሰፋ ቀረ፤ እሱም በዚያው ሳምንት አረፈ።

ጥላው በእኛው ዝቋላ ወረዳ ላለችው የትውልድ ደብሩ ስለት የተሳለው ነው። ለንግሡ ላደርስለት ከሰቆጣ ተነሣሁ። የቀረችውን ስንዝር መጨረስ ግን አልሆነልኝም፤ መርፌና ክሩን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ሄድኩ።

መንገድ

«እማማ፣ ጥላው ጣሪያ ላይ ይውጣ» አለኝ የሚኒባሱ ረዳት።

«እኔም አብሬው እወጣለኋ።»

«እንግዲያው የሁለት ሰው ይከፍላሉ!»

ከፈልኩ። ባለቤቴ በሕይወት ቢኖርም ያው ሁለት ነበርን።

አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። መኪናው ከማይሻገረው ወንዝ ጀምሮ በእግር ነው። ከወንዙ ማዶ ካለች ምግብ ቤት የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላሁ፤ የቤቱ እመቤት ጥላውን አይታ ሒሳብ አልቀበልም አለች።

ንግሥ

በደብሩ የስለት ጥላ ለጨረታ ይቀርባል። ያሸነፈ ገንዘቡን ከፍሎ ጥላውን መልሶ ለታቦቱ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከአስጎብኚው ጋር የመጣ ፈረንጅ።

የባለቤቴ ወንድም አራት ሺህ ብሎ ነበር። ፈረንጁ እጁን አወጣ፣ አስጎብኚው «አምስት ሺህ!» አለ፤ እልልታው ቀለጠ። ሰውየው ብሩን ለአጫራቹ አስረክቦ ጥላውን ዘረጋና ቁልቁል መንገዱን ያዘ።

«ኧረ ጥላዬ!» ብዬ ጮህኩ።

«ታቦቱ እዚህ ነው፣ አንተ ወዴት ነህ?» አለችው አንዲት ባልቴት።

አጫራቹ ብሩን ገልብጦ አየ። «ቆይ ቆይ! ይህ ዝሆን ምንድን ነው?»

አስጎብኚው ሮጦ መጣ። «የኬንያ ሽልንግ ነው! ብሩን ሆቴል ረስቶ ይህንን ይዞ መጥቷል።»

«ለፍየሉም ሣር የለን፣ ዝሆኑን ምን እናብላው? ገንዘቡ የእኛ ካልሆነ ጥላው የእኛ ነው፣ መልስ በለው!» አለ አጫራቹ።

ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። ፈረንጁ ፊቱ በርበሬ መስሎ ተመለሰ። ጨረታው ለባለቤቴ ወንድም ጸና፤ እሱም «የታቦቱ ነው» አለ።

ይህን ጊዜ ቄሱ ዘርፉን አዩት። «እንዲህ ተንጠልጥሎ አይወጣም። ማነው የሰፋው?»

መርፌዬን ፈታሁ። ጥላው ገና በፈረንጁ እጅ ነው፤ ከፍ አድርገህ ያዝ ብዬ በምልክት አሳየሁት። አሽከረከረው።

«ቀስ!» አልኩት።

ጥቂት ቆይቶ ክንዱን እያሻሸ በቋንቋው አጉረመረመ።

«ምን አለ?» አልኩት አስጎብኚውን።

«እጄ ዛለ ነው የሚለው፣ እማማ።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እንባዬም ተከተለው። ስንዝሯን ጨረስኩ፣ ታቦቱም ጥላው ተይዞለት ወጣ።

ሰቆጣ

ቤቴ ገባሁ። ያቺ ስንዝር ከእሱ እጅ በቀር በማንም የማታልቅ ይመስለኝ ነበር፤ ስሙን እንኳ በማላውቀው ሰው እጅ አለቀች።

አሁን ለሰው የስለት ጥላ ዘርፍ እሰፋለሁ። ጥላውን የሚይዝልኝ ሲጠፋ ከመስኮቱ ብረት ጋር አስረዋለሁ።