ቅቤ የጠጣው የሰዓት ካርቶን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሁለት አሮጌ የእጅ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «እማዬ፣ የቱን ልግዛ?» አለኝ። አሮጌ ሰዓት መሰብሰብ ይወዳል። አንዱ ንጹሕ ነው፣ ካርቶን ግን የለውም። የሌላው መስተዋት ተጭሯል፣ ያም ሆኖ ከነካርቶኑ ነው። ካርቶኑን ሳይ የወንድሜ ሠርግ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ይመስለኛል፣ ወንድሜ ሞጣ ሊያገባ ሆነ። አባቴ ለጥሎሽ ሰዓት ሊገዛ ደጀን ወርዶ እንደዚሁ ሁለት ቀረበለት። ጥሎሽ በሰው ፊት አንድ በአንድ እየተነሣ ይታያልና ባለካርቶኑን መረጠ። «ካርቶን ካለው ጭረቱን ማን ያየዋል» አለ። ያገለገለ ሰዓት አመጡ ከተባለ የሙሽራዋ ወገኖች ሠርጉን ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር። ሚዜዎቹን ስላላመናቸው እኔን አስያዘኝ።

ከቢቸና ጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን። ግንቦት ነበር፤ የታረሰው መሬት ይሸታል፣ ሚዜዎቹ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠሙ ይዘፍናሉ። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። ካርቶኑ እንዳይርስብኝ አናቴ ላይ አድርጌ በሻሼ አሰርኩት፣ ነጠላዬንም ደረብኩበት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እናቴ ለሠርጉ ብላ ጠዋት ጸጉሬን ለጋ ቅቤ እንደቀባችኝ ረስቼዋለሁ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲወጣ ቅቤው ቀለጠ። ሞጣ ደርሰን ስፈታው ካርቶኑ ቅቤውን ጠጥቶ ጠቁሯል። ለአባቴ ሳልናገር በነጠላዬ ሸፈንኩት።

ዳሱ ውስጥ ሰዓቱን የተቀበሉት የሙሽራዋ አያት ናቸው፤ ዓይናቸው የደከመ መሪጌታ። ካርቶኑን ዳሰሱት፣ ጣታቸውን አሸተቱ። አባቴ ዞሮ አየኝ።

«ይህን የያዘው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ። ዝናብ እንዳይነካው አናቴ ላይ አስሬው ነው።»

ሰዓቱን አውጥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

«ይሠራል» አሉ። ቀጥለውም ወደ ወገኖቻቸው ዞረው፣ «ቅቤውም ለጋ ነው። ልጃችን የምትገባው ላም ያለበት ቤት ነው።»

አንዲት ሴት ከጥግ፣ «ሰዓቱንም እንደ ሙሽራ ቀባችሁት?» ስትል ዳሱ በሳቅ ተሞላ። አባቴም ሳቀ። እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

የወንድሜ ሚስት ያን ሰዓት ዛሬም ታስረዋለች፤ በካርቶኑ ጉትቻዋን ታስቀምጥበታለች። እኔ ወልጄም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ልጆቼ የሰው ዕቃ በያዙ ቁጥር «ቀስ በሉ» እያልኩ እከተላቸዋለሁ። የዚያ ዳስ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ግን እተዋቸዋለሁ።

ልጄን፣ «መጀመሪያ ጆሮህ ላይ አድርጋቸውና የሚመታውን ግዛ» አልኩት። እሱ ሲያዳምጥ እኔ ካርቶኑን አንሥቼ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም።