የአባቴን ስም ያልወደደው ማሽን

ኦክላንድ ያለው የልጄ ዴይኬር በሩ ላይ አዲስ ማሽን አስገባ። ፊት እያየ፣ ስም እያነበበ ዝምድና የሚገምት ኤአይ ነው። ልጅ ማን እንደሚወስድ የሚወስነውም እሱ ሆነ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመጣ "ዝምድና አልተገኘም" አለኝ። ልጄ በአባቱ ስም ናታን ተስፋዬ ነው፤ እኔ ደግሞ ሄለን በቀለ። ናታን ከመስታወቱ ወዲያ "ማሚ፣ ከም ኢን" ይለኛል።

"የባልሽን ስም ብትይዢ ቀላል ነበር" አለችኝ በሩ ላይ ያለችው የዴይኬሩ ሠራተኛ። "እኔ ሲስተሙን ኦቨርራይድ አድርጌ በሩን መክፈት አልችልም።"

ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ወንበር ስቤ በሩ ፊት ተቀመጥኩ።

"የአባቴን ስም ለማሽን ብዬ አልቀይርም። ጠዋት ልጄን ከእጄ የተቀበልሽው አንቺ ነሽ፤ አሁንም አንቺው አይተሽ ስጪኝ። እስከዚያ አልነሳም።"

ከኋላዬ የማላውቃቸው ሐበሻ ሽማግሌ ተራ ይጠብቁ ነበር።

"በርቺ ልጄ፣ እንዳትነሺ" አሉኝና በጎኔ አልፈው ማሽኑ ላይ ስማቸውን ጻፉ፤ ግርማ ተስፋዬ።

ማሽኑ አረንጓዴ አበራ፤ በሩም ተከፈተ። "እንኳን ደህና መጡ። ናታን ዝግጁ ነው" አላቸው።

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"የኔ የልጅ ልጅ እኮ ሊዲያ ናት። ናታን ደግሞ የማን ነው?"