ቬሎ ይዤ ወደ መካነ ሰላም

ከደሴ የወጣነው ሐሙስ ጠዋት፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ላይ ሳይነሣ ነው። ጭኔ ላይ በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ ቬሎ ታቅፌያለሁ። የአክስቴ የእትዬ ሐዋ ልጅ ሰዓዳ እሑድ መካነ ሰላም ላይ ታገባለች። ልብሱ ደሴ ተሰፍቶ እኔ እንዳደርሰው አደራ ተጥሎብኛል። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ሲለኝ፣ "እንግዲያው እኔንም አብረህ ጫነኝ" ብዬው ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ለእኔ ጉዞው ከአደራም በላይ ነበር። ቀን መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ ማታ አካውንቲንግ እማራለሁ፤ በቴሌግራም ጫማ እሸጣለሁ፤ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተመዝግቤያለሁ፤ የስፌት ትምህርቴን ደግሞ ጀምሬ ሰዓት አጣሁና ግማሽ ላይ ትቼዋለሁ። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ደላላ "ዱባይ ሥራ ተገኝቶልሻል፣ ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ" ብሎኛል። ሁሉንም ይዤ ስሮጥ አንዱም አልጨረስኩም። መንገድ ላይ አስቤ እወስናለሁ ብዬ ነበር የተነሣሁት።

ጉጉፍቱ ላይ

ጉጉፍቱ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጆሮ ይቆነጥጣል። ሜዳው የገብስ ቡቃያ ለብሷል፤ ጸጉራቸው የተንዠረገገ በጎች መንገዱን ይዘው ሹፌሩን እያስለመኑት ነው። በሃያ ብር የተቆላ ገብስ ገዝቼ ከጎኔ ከተቀመጡት እናት ጋር ተካፈልን። አቀስታ ወርደን ሽሮ በላን። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እያንገጫገጨ ማሰብ ቀርቶ መቀመጥም አቃተኝ። መካነ ሰላም ስንገባ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፤ እኔም ምንም አልወሰንኩም።

እትዬ ሐዋ በር ላይ ተቀበሉኝ። "መርሐባ ከዲጂ! እንኳን አላህ በሰላም አመጣሽ!" ብለው ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ። ሳልቀመጥ ሰዓዳን ቬሎውን አለበስናት።

ዚፑ ወገቧ ላይ ደርሶ ቆመ። ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ጎተትኩት፤ አልሄደም። ለካ ልኳ ከተወሰደ በኋላ ሙሽራ ናት ተብላ አብሽ በማር ስትጠጣ፣ ገንፎ በቅቤ ስትበላ ከርማለች።

"እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ" አሉ እትዬ ሐዋ ደረታቸውን ይዘው። "'አንዴ ጨምሪ' ስላት የነበርኩት እኔ ነኝ!"

ሰዓዳን ሳቅና ለቅሶ ተናነቃት። ደሴ መልሶ ለመላክ ጊዜ የለም። አፌ ከሐሳቤ ቀደመና "እኔ አሰፋዋለሁ" አልኩ። ያን ሌሊት ከእንቅልፌ እየባነንኩ አደርኩ።

ዓርብ፣ ጋሽ ታደሰ በረንዳ

ጠዋት ከሰዓዳ ጋር ገበያው ዳር ወዳለው ልብስ ሰፊ ወደ ጋሽ ታደሰ ሄድን። በረንዳው ላይ ሱሪ እያጠበቡ አገኘናቸው። ቬሎውን ዘርግቼ ብልሃቱን ጠየቅኳቸው።

"ልጄ፣ እኔ የማውቀው የወንድ ሱሪ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም" አሉና ከወንበራቸው ተነሡ። "መኪናው ግን ያውልሽ። አብሽሪ!"

ወገቡ የሚሰፋው ሌላ ጨርቅ ሲገባበት ነው፤ እንዲያ ያለ ነጭ ጨርቅ ደግሞ ከተማው ውስጥ የለም። ያለው መሬት ላይ የሚጎተተው የቬሎው ጭራ ብቻ ነበር። መቀሱን እንዳነሣሁ ቀረሁ። ከተሳሳትኩ ሙሽራዋ ልብስ የላትም።

"ቁረጪው እታለም" አለች ሰዓዳ። "የሚጠርገው አቧራ ነው!"

ቆረጥኩት። የጎንና የጎኑን ስፌት ተረተርኩ፣ ከጭራው ሁለት ረጃጅም ቁራጭ አወጣሁና አስገባሁ፣ የእግር መኪናውን እየረገጥኩ ሰፋሁ። አንዱ ጎን ተጨማዶ ፈትቼ ደገምኩት። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፤ አዛን ተባለ፤ ጋሽ ታደሰ ሻይ አምጥተውልኝ ቀዘቀዘ። ብቻ ክሩን በጥርሴ በጥሼ ቀና ስል ጀርባዬ ቢያመኝም ልቤ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም።

በጓሮ በኩል ሰዓዳ ለብሳ ወጣች። ዚፑ እስከ ላይ ተዘግቷል። በረንዳው በእልልታ ተናወጠ። ጋሽ ታደሰ "ማሻአላህ! በስመ አብ!" ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ አሉ።

ቅዳሜ

ለሰርጉ ሽንኩርት ስንከትፍ እትዬ ሐዋ ቀስ ብለው ጀመሩ።

"ትናንት ስልክሽ ሲጮኽ ውሎ አልሰማሽውም ብላኛለች ሰዓዳ። ምንድን ነው እንዲህ የሚያሯሩጥሽ?"

ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። "አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ 'ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል' ይል አልነበር?" ብዬም ተከራከርኩ።

"ሁለት አለ እንጂ ስድስት አለ? ስድስት ከተከልሽማ አጥር ነው የሚሆነው!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ቢላውን አስቀመጡ። "ከሁሉ ቢወስዱብሽ የምታለቅሺለት የትኛው ነው?"

"ስፌቱ" አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣው። ዓይኔ በእንባ ሞላ፤ በሽንኩርቱ አመካኘሁ።

"በይ እሱን ያዢው። የቀረው ተራውን ይጠብቅ።"

እሑድ ድቤው እየተመታ መንዙማው ሞቀ። ለክርስቲያን ጎረቤቶች ሥጋው ለብቻ ታርዶ፣ ድንኳናቸውም ለብቻ ተጥሎ ነበር። እዚያ መሐል ጋሽ ታደሰ "ይሄ ቬሎ በኔ መኪና ነው ያማረው!" እያሉ ለማያውቁትም ለሚያውቁትም ያወራሉ። ሰዓዳ እንደ ልቧ ጨፈረች፤ አንድም ስፌት አልተተረተረም።

መልስ

ሰኞ መናኸሪያ ሆኜ ለደላላው ደወልኩ። "አልሄድም" አልኩት።

"ዕድሉ ያመልጥሻል እኮ፣ እህቴ!"

"ለሌላ ሰው ይሁን" ብዬ ዘጋሁ። መኪናው እስኪሞላ ድረስ የጫማውን ቻናል ዘጋሁት፤ ለመንጃ ፈቃዱ አስተማሪም "ለጊዜው ትቼዋለሁ" ብዬ ጻፍኩ። አካውንቲንጉን ለዘንድሮ ማቋረጥ ከበደኝ፤ ብዙ ደክሜበታለሁ። ግን አቀስታ ሳንደርስ እሱንም ቆረጥኩ። መድኃኒት ቤቱ እንጀራዬ ነውና ይቀጥላል። በመንገዱ ሁሉ በመስኮት ስመለከት ዋልኩ፤ ስሄድ በቅጡ ያላየሁትን አገር ስመለስ አየሁት።

ሁሉንም እይዛለሁ ስል የቆየሁት ከጉብዝና ይመስለኝ ነበር። አንዱን መርጬ ቢከሽፍብኝስ የሚል ፍርሃት እንደነበር የገባኝ በዚህ ጉዞ ነው። የተውኳቸው ነገሮች ቢቀሩብኝ እንደማልጎዳም ተረዳሁ።

ደሴ እንደገባሁ ሻንጣዬን ቤት ጥዬ፣ የሙሽራ ልብስ የሚሰፉ አንዲት ሴትዮ ሱቅ ሄድኩ። ከሥራ በኋላ እየመጣሁ ልማር ብዬ ለመንኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፤ ጫማዬ ላይ ገና የመካነ ሰላም አቧራ አለ።

"ከነገ ጀምረሽ ነይ" አሉኝ።

"ዛሬስ ብጀምር?"

ሳቁና ወንበር ሳቡልኝ።